በባልዲ ስለተገኘው እንግዴ ልጅ የተሰጠ ቃል

የምስክር ሙሉ ስም፦ ወ/ሮ ካሣነሽ ጓዴ
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ ግብርና፤ ቀደም ሲል የልምድ አዋላጅ
አድራሻ፦ ታች ጋይንት ወረዳ፣ ከአርብ ገበያ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ንፋስ መውጫ፣ ግንቦት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 6:10
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ምንይችል አዳነ

እኔ ስሜ ከላይ የተመዘገበው፣ ዛሬ ከጧቱ 1:00 ከባሕር ዳር በሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ስጓዝ፣ 5:40 ሲሆን ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ላይ ምስጋናው የተባለው የመኪናው ረዳት ከእግሬ ሥር የነበረውን ክዳን ያለው ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ «ይሸታል፤ ደምም አለው» ብሎ ለፖሊስ ስላመለከተ ቀርቤያለሁ።

በባልዲው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ተጠይቄ፣ የልጄ የሀና ክንዱ እንግዴ ልጅ መሆኑን፣ እንዳይበላሽ ጨው የነሰነስኩበትም እኔ መሆኔን ተናግሬያለሁ። ቃል ተቀባዩ ክዳኑን ከፍቶ ወዲያው መልሶ ከደነው። እኔ ሠላሳ ዓመት በእጄ ስይዘው የኖርኩት ነገር ስለሆነ ምኑ እንዳስደነገጠው አልገባኝም።

ይህን ከባሕር ዳር ድረስ ማምጣት ለምን እንዳስፈለገ ተጠይቄ፣ በእኛ ቤት እንግዴ ልጅ ከጓሮ እንደሚቀበር፣ የእኔም የእናቴም እዚያው መሆኑን አስረድቻለሁ። ሀና ባሏ የሚሠራው ባሕር ዳር ስለሆነ የምትኖረው እዚያ ነው። ቤቴ መጥታ እንድትወልድ እኔም አልፈለግሁም። ምክንያቱን ኋላ እናገራለሁ።

በሚያዝያ መጨረሻ ሀና ደውላ «እማ፣ ሆስፒታል መምረጥ አቃተን፤ እባክሽ ነይልን» ስላለችኝ ሄድኩ። ባሏ ከስልኩ ላይ ሰው ለየሆስፒታሉ የሰጠውን ኮከብ እያሳየ ይቆጥርልኝ ነበር። ኮከቡን የሰጠው ማን ነው፣ ወልዶ ያውቃል ወይ ብዬ ብጠይቀው ወደ ሌላው ሆስፒታል ኮከብ አለፈ። ስለዚህ ዞሬ በዓይኔ ለማየት ወሰንኩ። በየደረስኩበት የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፤ እንግዴ ልጁን ትሰጡኛላችሁ ወይ፣ ደምስ አላችሁ ወይ የሚል ነው።

የመጀመሪያው መስታወታም ፎቅ የሆነ የግል ሆስፒታል ነው። ወለሉ ፊት ያሳያል። የተቀበለችኝ ልጅ ትሑት ናት፤ እንግዴ ልጁን በደስታ እንሰጣለን አለች። ደም ግን ሲያስፈልግ ከሌላ ቦታ በመኪና ይመጣል አለችኝ። መኪናው የት እንዳለ ብጠይቃት ይደወልለታል አለች። ሁለተኛው ለሀና ቤት ቅርብ ነው፤ እነርሱም እሺ ብለውኝ ነበር። ሐኪሙን ላየው ብል ግን እርሱም እንደ መኪናው በስልክ የሚጠራ ሆነብኝ።

ሦስተኛው የመንግሥት ነው። ሰው በሰው ላይ ነው። ዘበኛው ሁለት ጊዜ አስወጣኝ፤ በሦስተኛው ከአስታማሚዎች ጋር ተቀላቅዬ ገባሁ። ይህ ጥፋት ከሆነ አምናለሁ። ከማዋለጃው በር አጠገብ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጬ ስንት ገብተው ስንት እንደሚወጡ፣ ሲወጡም በእግራቸው ይሁን ተደግፈው ስመለከት ዋልኩ። አዛለች የምትባል የጽዳት ሠራተኛ «እማማ፣ ማን ታሞብዎት ነው?» አለችኝ። «ማንም አልታመመብኝም፤ ላይ ነው የመጣሁ» ስላት ሳቀች። ከእኛው አገር፣ የወገዳ ልጅ ሆና ተገኘች። እንግዴ ልጅ የሚጣልበትን ከሕንፃው በስተጀርባ ያለ የሲሚንቶ ጉድጓድ አሳየችኝ። የስንቱ አገር ሰው እንግዴ ልጅ በአንድ ጉድጓድ መግባቱ ገርሞኝ ብዙ ቆምኩ።

ሲስተር ይታይሽ የምትባለው አዋላጅ እንግዴ ልጅ እንደማይሰጥ ነገረችኝ። ደሙን አሳዪኝ ብዬ ስለለመንኳት ግን ወስዳ በፍሪጅ ውስጥ የተደረደረውን አሳየችኝ። ሐኪሙም ሌት ተቀን ከግቢ አይወጣም። እንግዴ ልጅ አልወጣ ቢል ምን ታደርጋላችሁ ስላት ጓንቷን እንዳጠለቀች በእጇ አሳየችኝ። ልጅቷ የእኔ የልጅ ልጅ ልትሆን ትችላለች። እኔ በሠላሳ ዓመት ያላወቅሁትን በአንድ አፍታ አስተማረችኝ፤ ቀናሁም፣ ደስም አለኝ። ሀና እዚህ ትወልዳለች ብዬ ወሰንኩ።

ሁለቱ እንሰጣለን እያሉ የማይሰጠውን ለምን እንደመረጥኩ ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬያለሁ። በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ታላቋ ልጄ ውባለም ክንዱ ከቤቴ፣ በእጄ ወለደች። ሕፃኗ በሰላም ወጣች፤ እንግዴ ልጁ ቀረ። እንዲገፋው ብዬ ባዶ ጠርሙስ አስነፋኋት፣ ሆዷን አሸሁ። ጎረቤቱ በቃሬዛ ይዘናት እንሂድ ሲል «ትንሽ እንጠብቅ፣ ይወጣል» ያልኩ እኔ ነኝ። ለሌላው ሰው ሁሉ ይወጣልኝ ነበር። ስንነሳ ረፍዷል። አርብ ገበያ ሳንደርስ ደሟ አልቆ ሞተች። እንግዴ ልጁ ከሆዷ እንዳለ ቀበርናት። ልጇን መቅደስን እኔ አሳደግኋት፤ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ናት። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላዋለድኩም።

ከትናንት በስቲያ ረቡዕ ግንቦት 10 ቀን ከጧቱ 4:00 ሀና ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑን አምጥተው ሲያሳዩኝ እንግዴ ልጁስ አልኳቸው። አልወጣም አሉኝ። ሁለት ከረጢት ደም ሰጧት፤ ሐኪሙ ገብቶ በእጁ አወጣው። 5:00 ሲሆን፣ ደጋግሜ ስለጠየቅኋት ሲስተር ይታይሽ አለቃዋን አስፈቅዳ፣ በወረቀት ላይ አሻራዬን ተቀብላ በዚህ ባልዲ አመጣችልኝ፤ ወረቀቱ ከዚህ ቃል ጋር ተያይዟል። ተቆራርጦ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ገጣጥሜ አየሁት። የጎደለ የለም። አሥራ አንድ ዓመት ያልወጣልኝ እንባ እዚያ ወጣ። ሀና ደኅና ሆና ዛሬ ከባሏ እናት ጋር ትቻት መጥቻለሁ፤ እሑድ እመለሳለሁ።

የት እንደሚቀበር ተጠይቄ፣ ለውባለም እንግዴ ልጅ ብዬ ያን ዕለት የቆፈርኩት ጉድጓድ ጓሮዬ ውስጥ ድንጋይ ተከድኖበት እስከ ዛሬ ሳይደፈን መቆየቱን፣ የሀናን እዚያ እንደማስገባ፣ ጉድጓዱንም ዛሬ ለመድፈን እንደምፈልግ ተናግሬያለሁ።

ከዚህ በኋላ ቃል ተቀባዩ የሦስተኛውን ሆስፒታል ስምና መንገዱን በድጋሚ ጠየቀኝ። ለምርመራው ምን እንደሚጠቅም ብጠይቀው ባለቤቱ ሰባት ወሯ መሆኑን ገለጸልኝ። ይህም ይጻፍ ስላልኩ ተጽፏል። እኔም ስሙን ነግሬው፣ «ልጄ፣ ያን ቀን ሰው ሁሉ ሕፃኑን ሊያይ ይሮጣል። አንተ መጀመሪያ እንግዴ ልጁ ወጣ ወይ ብለህ ጠይቅ» ብዬዋለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። በመኪናው ረዳት ጥቆማ ላይ «ቆሻሻ» የሚለው ቃል እንዲሰረዝ ጠይቄ ተሰርዟል። የቀረው እንዳየሁትና እንዳደረግሁት ነው፤ አልጨመርኩበትም፣ አልሸሸግሁበትም።

የቃል ሰጪ የአውራ ጣት አሻራ፦ (ካሣነሽ ጓዴ)
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ (ረ/ሳጅን ምንይችል አዳነ)

ማስታወሻ፦ ባልዲው ከነክዳኑ 7:15 ላይ ለቃል ሰጪዋ ተመልሷል። ሳይመሽ ቤቷ እንድትደርስ ሚኒባሱ እንዲጠብቃት ተደርጓል። ም.አ.