ስም ያልነበራቸው ታክሲዎች

«የቆመው ያንተ ታክሲ ነው። ነገ ለመምህሩ ብቻዬን ነው የማቀርበው» አለኝ የፕሮጀክት አጋሬ ናትናኤል፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። ፕሮግራማችን ውስጥ እያንዳንዱ ታክሲ ትሬድ የሚባል፣ ከሌላው ጎን ለጎን ራሱን ችሎ የሚሄድ የፕሮግራም ክፍል ነው፤ የዊንጌቱን እኔ፣ የሽሮ ሜዳውን እሱ ጻፍን። ስናስነሳው አንዱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ስክሪኑ ግን «ትሬድ ዜሮ»፣ «ትሬድ አንድ» ብቻ ስለሚል የማን እንደሆነ አይለይም።

እኔ ክርክር አልችልበትም። ረዳቱ ካልተጣራ ታክሲው ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል ብዬ ለሁለቱም የመንገዳቸውን ስም ሰጠኋቸውና ፕሮግራሙን አስነሳሁት። «ዊንጌት ተነሳ። ሽሮ ሜዳ ተነሳ። ዊንጌት ደረሰ።» «ሽሮ ሜዳ ደረሰ» የሚል መስመር ብንጠብቅ አልመጣም። እፎይ አልኩ። «ናቲ፣ ና አብረን እናስተካክለው» አልኩት። ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።