ከመጀመሪያው ቆርጬ መጨረሻው ላይ የቀጠልኩት

በኛ ጊዜ ፊልም እንደ መጣ አይታይም ነበር፣ ልጆች። እናንተ አሁን ስልካችሁን ትነካላችሁ፣ ፊልሙም ሠሪው እንዳሰበው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያልፋል፣ ማንም መሀል አይገባም። በኛ ጊዜ መሀል የሚገባ ሰው ነበር፣ እና ናዝሬት ውስጥ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። የሲኒማ ቤቱ ማሽኒስት፣ ፊልም አሳዩ፣ ነበርኩ። ከተመልካቹ ራስ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማሽኑ አለ፣ ከማሽኑ አጠገብ ምላጭና ማጣበቂያ፣ ከነሱ አጠገብ ደግሞ ማይክሮፎን። ምላጩ የተበጠሰ ፊልም ለመቀጠል ነው፣ ሲያስፈልግም ለመቁረጥ። ማይክሮፎኑ ደግሞ ፊልሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል በተማርኩትና ከፊልም በለቀምኩት እንግሊዝኛ ነገሩን ለሰው በአማርኛ እናገራለሁ። "አሁን ተጣሉ" እላለሁ፣ "አሁን ታረቁ" እላለሁ። ያልገባኝ ሲመጣ ዝም እላለሁ፣ ወይም የመሰለኝን እላለሁ።

ይህን ሁሉ የማወራው ይቺ ከመሀላችሁ የተቀመጠችው ሜሮን ለትምህርቷ ጠይቃኝ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆሊውድ የሠራቸው የሙዚቃ ኮሜዲዎች ዛሬ ሲታዩ ምን ይመስላሉ ነው ጥያቄዋ። እሷ አንዱን ከአያቷ ጋር አይታዋለች፣ እናንተ ግን አላያችሁም፣ ስለዚህ ከሥሩ ልንገራችሁ።

እነዚያ ፊልሞች እኛ ጋ የደረሱት አርጅተው ነው። ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ ተጫጭረው ዝናብ የሚዘንብባቸው ይመስላሉ፣ ግን ሰው ይወዳቸው ነበር። ታዲያ አንዱ እንዲህ ነው። መርከብ ይመጣል፣ መርከበኞች እየዘፈኑ በመሰላሉ ይወርዳሉ፣ የሦስት ቀን ፈቃድ አላቸው። አንዱ ከተማው ውስጥ አንዲት ልጅ ያያል፣ ይከተላታል፣ ትሸሸዋለች፣ ይከተላታል፣ ይጨፍራሉ፣ በሦስተኛው ቀን ይጋባሉ። ከዚያ መርከቡ ይጮኻል፣ ልጆቹ መልሰው ይሳፈራሉ፣ ሴቶቹ ወደቡ ላይ ቆመው መሐረብ ያውለበልባሉ፣ አለቀ። እንዲህ ነው የመጣው።

እና ያኔ እኛም ጦርነት ላይ ነን። በምሥራቅ ጦር ግንባር ተከፍቷል፣ ክተት ተብሏል፣ ከየቤቱ ሰው ሄዷል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት ፊልሙን እንደ መጣ አሳየሁት። ሰው ሲስቅ ቆይቶ መጨረሻው ላይ፣ ሴቶቹ ሲያውለበልቡ፣ ከፊት ወንበር አንዲት እናት ጮኸች። ሌላዋ ተከተለች። አዳራሹ ልቅሶ ቤት ሆነ፣ እና ሰው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሥራ አስኪያጃችን እኔ ክፍል ድረስ ወጣና፣ "ሰው ጦርነቱን ሊረሳ ነው እዚህ የሚመጣው፣ አንተ መልሰህ ታስታውሰዋለህ እንዴ? አስተካክለው" አለኝ። እንዴት እንደማስተካክለው አልነገረኝም። እሱ ማሽኒስት አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ታዲያ ሐሙስ ቀን ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ከመርከቡ የሚወርዱበትን ከመጀመሪያው ቆረጥኩ፣ የሚሳፈሩበትን ከመጨረሻው ቆርጬ አወጣሁ፣ እና መውረዱን ከሠርጉ በኋላ ቀጠልኩት፣ ከሱ ኋላ "አለቀ" የሚለውን ጽሑፍ። ሁለት ቁራጭ ማውጣት፣ ሦስት ቦታ ማጣበቅ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ፊልሙ ከተማ መሀል ተጀመረ፣ ተጋቡ፣ ከዚያ እኔ በማይክሮፎን "ዘመቱ፣ ጦርነቱም አለቀ" አልኩ፣ እና እየዘፈኑ ከመርከብ ወረዱ። ሰው ቆሞ አጨበጨበ።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም ነበር። ልጁ ከመርከብ ሲወርድ ገና ልጅቷን አያውቃትም እኮ፣ ስለዚህ ወደቡ ላይ የለችም። ዝም ብሎ ሮጦ ያልፋል። ታዲያ ከአዳራሹ አንዱ፣ "ሚስቱስ የታለች?" ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም ተቀበሉት። እኔ ማይክሮፎኑን ይዣለሁ፣ መልስ ይጠበቃል፣ እና "ቤቷ ሆና ምሳ እየሠራች ትጠብቀዋለች፣ አዋቂ ሚስት ወደብ ለወደብ አትንከራተትም" አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ያንኑ አልኩ።

ያን ቅዳሜ ከአዳራሹ ውስጥ የሜሮን አያት እትዬ አስካለ ከባላቸው ከተፈራ ጋር ተቀምጠው ነበር። እኔ አላውቃቸውም። ተፈራ ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነው፣ የሜሮን እናት ገና በሆድ ነች። ማክሰኞ ተፈራ ዘመተ። አልተመለሰም። አስከሬንም ወረቀትም አልመጣም።

ይህን ያወቅኩት እዚህ አገር ነው። እኔ በሱዳን በኩል ወጥቼ ኦስሎ ገባሁ፣ መሀል ከተማው ሴንትሩም አንድ ሲኒማ ቤት ጽዳት ሠራሁ፣ ከወንበር ሥር ፈንዲሻ ስጠርግ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፣ ሃውገንስቱዋ ሰፈር ተቀመጥኩ። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ማይክሮፎን ይዤ፣ በር ላይ የቆመችውን መኪና ባለቤቷ ያንሣት ብዬ ስናገር፣ አንዲት ሴት ወደኔ መጡ። "ይሄ ድምፅ ናዝሬት ነበር" አሉኝ። ፊቴን አይተውት አያውቁም፣ ድምፄን ግን አወቁት። እና ስለ ፊልሙ ነገሩኝ፣ በማይክሮፎን ያልኩትን ቃል በቃል አወሩልኝ። ተፈራ ሊሄድ ሲል፣ "አውቶቡስ ተራ እንዳትመጪ፣ እንደዚያች ልጅ ቤት ጠብቂኝ" ብሏቸው አልሸኙትም። "ስለዚህ የመጨረሻውን ፊቱን አላየሁትም" አሉ። በቁጣ አይደለም የተናገሩት፣ እንዲያው የሆነውን ነገሩኝ። ነገሩን ያነሡት ሲኒማውን ስለሚወዱት ነው፣ ፊልሙንም አንድ ቀን ደግሜ ባየው አሉ።

ቆርጬ የቀጠልኩት እኔ ነኝ፣ ያቺ ልጅ ቤት አልጠበቀችም፣ ወደቡ ላይ ቆማ ነው የሸኘችው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አሥር ዓመት በየእሑዱ እንደምን አደሩ እንላለን፣ አሥር ዓመት ዝም አልኩ።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ሜሮን ፊልሙን አገኘችው። ደውላ፣ "ጋሼ፣ እሑድ ትቬይታ ሰፈር አያቴ ቤት ና፣ ሰርፕራይዝ አለ" አለችኝ። ነገሩ ገባኝ። ባቡርና ቴባነ፣ የምድር ውስጡን ባቡር፣ ቀያይሬ ስሄድ መንገዱን በሙሉ እንዴት እንደምነግራቸው አሰናዳሁ፣ ከመጀመሩ በፊት እነግራቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ፣ ገብቼ ስቀመጥ ግን ሜሮን ወዲያው ከፈተችው።

መርከቡ መጣ። መርከበኞቹ እየዘፈኑ መውረድ ጀመሩ። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ "ሜሮን፣ ከኋላ ነው የጀመርሽው፣ ይሄ መጨረሻው ነው" አሉ።

"ኔይ፣ አይደለም አያቴ፣ አሁን ነው የተጀመረው።"

"መጨረሻው ነው እያልኩሽ።"

እሷም ወደ መጀመሪያው መለሰችው፣ ያው መርከብ መጣ። እትዬ አስካለ ወደኔ ዞረው፣ "አንተ ንገራት እንጂ፣ ያሳየኸን አንተ አይደለህ?" አሉኝ።

"አቁሚው" አልኳት ሜሮንን። እና ነገርኳቸው። ምላጩን፣ ሐሙስ ቀኑን፣ ከየት ቆርጬ የት እንደ ቀጠልኩ፣ ምሳ እየሠራች ነው ያልኩት ከራሴ እንደሆነ። ይቅር በሉኝ ከማለቴ በፊት የሆነውን በቅደም ተከተል ነገርኳቸው፣ ሌላ የማውቀው መንገድ የለኝም። እሳቸውም፣ "ይቀጥል" አሉ። ቀጠለ።

አሁን የሜሮንን ጥያቄ ልመልስ፣ ፊልሙን ያየሁት እዚያ ወንበር ላይ ነውና፣ ከጎኔ ሰው እየተቀየመኝ ይሁን አይሁን ሳላውቅ። ቀልዱ ሞቷል። ስለ ስኳር ራሽን፣ ስለ ሴቶች ካልሲ እጥረት፣ ስለ አንድ ሻለቃ ሆድ ይቀልዳሉ፣ ማናችንም አልሳቅንም። በጦርነት ጊዜ የተቀለደ ቀልድ ከጦርነቱ ጋር ነው የሚቀበረው። ልጁ ልጅቷን መከተሉን ሜሮን አልወደደችውም። "ሦስት ጊዜ ኔይ ብላዋለች፣ ምንድን ነው የሚያስቀው?" አለች። እኛ ያኔ ስንስቅ ነበር። እውነቷን ነው።

አንድ ቦታ ደግሞ ጥቁር ዳንሰኞች ይወጣሉ፣ ሁለት ወንድሞች፣ ደረጃ እየዘለሉ ይጨፍራሉ። ናዝሬት ሰው "ይደገም" እያለ የሚጮኸው ለነሱ ነበር። እኔ ግን ፊልሙን በእጄ የነካሁ ሰው ነኝና ልንገራችሁ፣ ያ ጭፈራ ብቻውን የተቀመጠ ነው። ከነጮቹ አንድ ሰው እንኳ አብሯቸው አይታይም፣ ከነሱ በፊትም ከነሱ በኋላም ማንም ስማቸውን አያነሣም። ከዚህ እስከዚህ በምላጭ ብታወጣው ታሪኩ አይጎድልም። ያኔ ለመቁረጥ የሚመች ቦታ ነው ብዬ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ሜሮን ናት የነገረችኝ፣ በአገራቸው ጥቁር ማየት የማይፈልጉ ከተሞች ስለነበሩ እዚያ ሲደርስ ተቆርጦ እንዲወጣ ብለው ነው እንደዚያ የሚሠሩት። ምላጭ የያዝኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም ማለት ነው።

ዳንሱ ግን፣ ዳንሱ አላረጀም። የሁለቱ ወንድሞችም፣ የመርከበኛውም። ካሜራው ከእግር እስከ ራስ ያሳያቸዋል፣ ሳይቋረጥ ይሄዳል፣ የሚያታልል ነገር የለም። እኔ በልማዴ የሚቆረጥበት ቦታ ፈልጌ አላገኘሁም። ከማሽኒስት ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከዚያ ሠርጉ ደረሰ፣ መርከቡ ጮኸ፣ እና ልጆቹ ተሳፈሩ። ሴቶቹ ወደቡ ላይ ቆመው አውለበለቡ። ያቺ ልጅ ከፊት ቆማለች። እትዬ አስካለ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው አዩዋት። አለቀ የሚለው ወጣ፣ ሜሮን አጠፋችው።

"እነዚህ ልጆች ተመለሱ?" አሉኝ።

"አይታወቅም" አልኩ። "ፊልሙ ሲሠራ ጦርነቱ አላለቀም።"

"በቀለ፣ እኔ ያልሸኘሁት ባንተ አይደለም" አሉ። "ተፈራ አልተጠራም ነበር። ማንም አላስገደደውም። ከጋራዥ ጓደኞቹ ጋር ሄዶ ራሱ ተመዘገበ፣ እኔ እርጉዝ ሆኜ፣ ሳይነግረኝ። የሰማሁት ሰኞ ማታ ከጎረቤት ነው። ጠዋት ሲወጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እሱ ሊታረቀኝ ፈልጎ እየሳቀ፣ 'ግዴለም፣ እንደ ፊልሟ ልጅ ቤት ጠብቂኝ' አለኝ። ዞሬ አላየሁትም።"

ሜሮንም እንደኔ ያኔ ነው የሰማችው።

"ሰው ሲጠይቀኝ ተቀይሜው ቀረሁ አልልም" አሉ። "ልጄ ስትጠይቀኝም አልልም። ፊልም አይተን፣ ቤት ጠብቂኝ ብሎኝ ነው እላለሁ። ሰው ይስቃል፣ ያዝናል፣ ይተወኛል። አንተ ውሸቱን ሠራኸው፣ እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ኖርኩበት። ስለዚህ አንተ ብቻህን ይቅርታ የምትለው ነገር የለም።"

ታዲያ ይሄው ነው ልጆች። ዛሬ እንዴት ይታያሉ ላላችሁኝ፣ እኔ እንዲህ እላለሁ። እነዚያ ፊልሞች ስለ ብዙ ነገር ይዋሻሉ፣ ስለ ሴት፣ ስለ ጥቁር፣ ስለ ጠላት። ስለ አንድ ነገር ግን አልዋሹም። የሠሯቸው ሰዎች ጦርነቱ እንዴት እንደሚያልቅ አያውቁም ነበር፣ እና የማያውቁትን አልጨመሩም፣ መርከቡን አስነሥተው እዚያው አቆሙ። የተመለሰውን መርከብ የጨመርኩት እኔ ነኝ። አሁን ጠይቁኝ፣ የቀረ ነገር ካለ።

ከልጆቹ መሀል ቀድማ የተናገረችው ሜሮን ናት።

"ጋሼ፣ ለእማዬ ማንም አልነገራትም እኮ። እሷ እስካሁን የምታውቀው ያንተን ፊልም ነው።"