የባሲማ ማጣሪያ

የገበያ ቀን ስለነበር የመካነ ሰላም ዋና መንገድ በጭነት መኪናና በአህያ ተጨናንቆ ነበር። ሀናን ከምትሠራበት ላቦራቶሪ ወጥታ ወደ ቤቷ ለመሄድ በመስጊዱ ጓሮ ዞረች። በዚያ በኩል ባትዞር ኖሮ ወይዘሮ ወርቂቱን በሸኽ አሕመዲን አጥር ሥር አታገኛትም ነበር። ወርቂቱ በእጇ ሙሉ ኩባያ ውሃ ይዛ ግራና ቀኝ ካየች በኋላ፣ አጥሩ ጥግ ከቆመችው ግራቪሊያ ሥር አፈሰሰችው። ቀና ስትል ከሀናን ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«እንዳታወሪብኝ አደራ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሸኹ በገዛ እጃቸው ሲሰጡኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? እንደው ለዛፉ አጠጣዋለሁ። ገበያተኛውም እንዲሁ ነው የሚያደርግ። አታዪውም? አገር ምድሩ ደርቆ ይሄ ዛፍ ብቻ ወፍሯል።»

ሀናን መሳቅ አማራት፤ ግን አልሳቀችም። ያ ውሃ የማን እንደሆነ ታውቃለችና።

ባሲማ የሸኽ አሕመዲን አንድ ልጅ ናት። እሷና ሀናን ከሸኹ ዘንድ በአንድ ምንጣፍ ተቀምጠው ቁርአን የቀሩ፣ አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ነበሩ። ሀናን ደሴ ላይ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ባሲማ ጅዳ ሄደች። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ ለአንድ ወር ፈቃድ ስትመጣ፣ ቀድማ ያስጫነችው ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ደርሶ ነበር። በቀጭን ጎማ ከቧንቧው ጋር አገናኘችው። ኩባያ በበሩ ላይ ካለችው ምላስ ጋር ሲያስጠጉት ቀዝቃዛ ውሃ ይወርዳል። ባሲማ ፍሪጁን ሳሎን አላስቀመጠችውም፤ ከቆላ በእግሩ የሚወጣ ገበያተኛ ሁሉ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይባል እንዲጠጣበት፣ ከበሩ ትይዩ በረንዳው ላይ አቆመችው። የውሃውን ማጣሪያ በእጇ አስገባች፤ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፈችበት። ሌላ አዲስ ማጣሪያም ከነካርቶኑ ፍሪጁ አናት ላይ አስቀምጣ፣ አባቷን በስድስት ወሩ እንዲቀይሩት ነግራ ሄደች።

አሁን ግን ድምጿ ከጠፋ አራት ወሩ ነው። ስልኳ አይጠራም። በዚያ ሰሞን ከአረብ አገር የሚመለሰው ሰው ብዙ ስለነበር፣ ሸኹ በየቀኑ ከዙሁር ሰላት በኋላ መናኸሪያ ሄደው ከሚኒባስ የሚወርደውን ሰው ፊት እያዩ ይቆማሉ። ሀናንም ለማንም አትናገረውም እንጂ፣ ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር መስኮቱን ሳታይ አታልፍም።

ሀናን አንድ ነገር ለመናገር ቃሉን አሥር ጊዜ በአፏ የምታገላብጥ ሰው ናት። ያን ቀን ግን እግሯ ቀደማትና ሸኹ ቤት ገባች። ሸኹ ከደረሶቻቸው፣ ከቁርአን ተማሪዎቻቸው መሀል ተነሥተው በደስታ ተቀበሏት፤ የእናቷን ጤና፣ ሥራዋን፣ የላሟን መውለድ ጠየቋት። ከዚያ ኩባያ አንሥተው ከፍሪጁ ምላስ አስጠጉ። ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ነበር የሚወርደው፤ ኩባያው እስኪሞላ ስለ ከብቱም ስለ ሰዉም ጠይቀው ጨረሱ። ሀናን ወደ አፏ ስታስጠጋው የሰነበተ የአበባ ማስቀመጫ ውሃ ሸተታት። አፈረችና እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

«ሸኽዬ» አለች ኩባያውን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ «ባሲማ ያስቀመጠችው አዲስ ማጣሪያ አለ አይደል? እርስዎ ቢፈቅዱልኝ ልቀይረው።»

ሸኹ ወደ ካርቶኑ ቀና አሉ። አንድም አቧራ አልነበረበትም፤ በየቀኑ ይወለወላል።

«አይ ልጄ። እሱ አማና፣ የአደራ ዕቃ ነው። ባለቤቷ ስትመጣ በእጇ ትቀይረዋለች።»

«ስድስት ወሩ ካለፈ እኮ ቆየ።»

«ቢያልፍስ? እኛ ከምንጭ በእፍኛችን እየጠጣን አይደል ያደግነው? ማን አጣራልን?»

«ምንጩ እየሄደ ያልፋል ሸኽዬ። ይሄ ማጣሪያ ግን ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የቧንቧውን ደለል ሁሉ ይዞ ያስቀረ ነው። አዲሱ ውሃ በዚያ ቆሻሻ ውስጥ እያለፈ ነው የሚወርደው። ቢጠግብ ነው ውሃው እንዲህ የቀጠነው።»

ሸኹ ፍሪጁ በር ላይ ወደምትበራው ትንሽ ቀይ መብራት አመለከቱ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ይቺን ታያታለሽ? ባሲማ ስትሄድ እንዲህ አልነበረችም። የበራችበት ቀን ማታ ልጄ ደወለች። ከዚያ ወዲህ መብራት ካልሄደ በቀር ጠፍታ አታውቅም። ስልኩ ዝም ሲል እሷን አያታለሁ። ቀይሬው ብትጠፋስ?»

ሀናን መብራቷ ምን ማለት እንደሆነች ታውቅ ነበር። ፍሪጁ ማጣሪያዬን ቀይሩልኝ ብሎ የሚጮኽባት ናት። ይህን ግን እንዴት አድርጋ ለአባት ትንገር? ዕውቀት ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይደርሳል፤ እውነቱን ቢናገር ልብ ይሰብራል፣ ቢተወው ሰው ይጎዳል። ሀናን ሁለቱንም ፈርታ ቆየችና፣ ሸኹ ራሳቸው ባስተማሯት መንገድ ሄደች።

«የልጅነት ትምህርቴን ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ።»

«ውሃ መለወጡ በምን ይታወቃል?»

«በመልኩ፣ በሽታው፣ በጣዕሙ» አሉ ሸኹ፣ ደረሶቹን በሚያስተምሩበት ዜማ። ካሉ በኋላ ነገሩ የት እንደሚያደርሳቸው ገባቸውና ፈገግ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ልትረቺኝ መጣሽ! በመቆየት የተለወጠ ውሃ ለሰላት መታጠቢያ፣ ለውዱእ ይበቃል፤ ይህንንም አስተምሬሽ ነበር።»

«አስተምረውኛል። ለውዱእስ ይብቃ። ለእንግዳ ይበቃል ወይ?»

ሸኹ ወደ ኩባያው አዩ።

«ሰደቃ ስትሰጡ ከምትወዱት ስጡ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» አለች ሀናን፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። «ባሲማም የሰማችው ከዚሁ ምንጣፍ ላይ ነው።»

ሸኹ ኩባያውን ከእጇ ወስደው አሸተቱት፤ ምንም አልሸተታቸውም።

«እኔ ከታመምኩ ወዲህ ሽታና ጣዕም የለኝም። ለአላህ ብለሽ ንገሪኝ፤ ምን አገኘሽበት?»

«ተለውጧል ሸኽዬ። ሽታውም ጣዕሙም።»

«ሰዉ ግን ይጠጣል። አንድም ቀን ኩባያ ሙሉውን ሲመለስ አላየሁም።»

ሀናን ወርቂቱን ላለማጋለጥ አፏን ያዘች። ዓይኗ ግን ሳታስበው ወደ አጥሩ ሄደ። ሸኹ ዓይኗን ተከትለው ያቺን በደረቅ ጥር የለመለመች ግራቪሊያ ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ላ ኢላሃ ኢለሏህ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ደግሞ የልጄ በረካ ነው እያልኩ ሳደንቃት!»

ከዚያ ተነሡና ካርቶኑን ራሳቸው አወረዱ። ሀናን ልትቀበላቸው ብትል አልሰጧትም። እሷ እየነገረቻቸው፣ በፍሪጁ ውስጥ ላይኛው ጥግ ያለውን አሮጌ ማጣሪያ ወደ ግራ ሩብ ዙር አዞሩና ሳቡት። ከጫፉ ቡና የመሰለ ውሃ ተንጠባጠበ። ሸኹ ማጣሪያውን በኩታቸው ጫፍ ጠርገው መነጽራቸውን አደረጉ፤ «ነሐሴ ፬ ቀን ፳፻፬፣ ባሲማ» የሚለው ጽሑፍ ደብዝዞ ነበር። በጣታቸው ዳሰሱት እንጂ አላነበቡትም። አዲሱን ክዳኑን አውልቀው አስገቡና፣ እስኪይዝ ድረስ ወደ ቀኝ አዞሩት። ከዚያም እስክሪብቶ አስመጥተው ቀኑን ጻፉ፤ ከሥሩም በገዛ ስማቸው ፈንታ «ባሲማ» ብለው ጻፉ።

«የመጀመሪያው ውሃ አይጠጣም» አለች ሀናን። «ግማሽ ጀሪካን ያህል መፍሰስ አለበት።»

«ለግራቪሊያዋ ነዋ! እስከዛሬ ስትካፈለን የኖረች፣ የመጨረሻ ድርሻዋን ትውሰድ።»

ውሃው አሁን እየተንፎለፎለ ወረደ። በመጨረሻ ሀናን መብራቷ ሥር ያለውን ቁልፍ እንዲጫኑ ነገረቻቸው። ጣታቸውን አሳርፈው ተጫኑት። ቀይዋ ጠፋች፤ ሸኹም ጎንበስ ብለው ቀረቧት። ወዲያው በቦታዋ አረንጓዴ በራች።

«ስድስት ወር ትቆያለች» አለች ሀናን። «ከዚያ ተመልሳ ትቀላለች። ያኔ ሌላ ማጣሪያ ከደሴ ይመጣል። በክረምት ቧንቧው ሲደፈርስ ግን ማጣሪያው ብቻውን አያስተማምንም፤ ሕመም የሚያመጣውን ሁሉ አይዝም። ያን ጊዜ ውሃውን አፍልተው ፍሪጅ ውስጥ ያቀዝቅዙት።»

«ስድስት ወር» አሉ ሸኹ። «እስከዚያ ከመጣች እሷ ትቀይረዋለች። ካልመጣችም እኔ እቀይረዋለሁ። ልጄን መጠበቅ ማለት የተወችውን እንደተወችው ማስቀመጥ መስሎኝ ነበር። ሥራዋን እየሠሩ መጠበቅ ይበልጣል።»

ከዚያ ቀን በኋላ ወርቂቱ ኩባያዋን እስከ ታች ትጨልጣለች፤ ግራቪሊያዋም እንደ ጎረቤቶቿ ዛፎች አቧራ ለበሰች። ደረሶቹ ማጣሪያው የሚቀየርበትን ቀን የሚያስታውሱበት ወረቀት በረንዳው ላይ ለጠፉ። የሸክላ ማጣሪያ ያላቸው ጎረቤቶችም፣ ከገዙት ወዲህ ከፍተውት የማያውቁትን ከፍተው አጠቡ። ትንሽ ሥራ ናት፤ የምትፈልገውም ግማሽ ሰዓትና ቀን የማይረሳ ሰው ብቻ ነው።

ሸኽ አሕመዲን መናኸሪያ መሄዳቸውን አልተዉም። አሁን ግን ከፍሪጁ የሞሉትን ጀሪካንና አንድ ኩባያ ይዘው ነው የሚሄዱት። አንድ ቀን ሀናን ከሥራ ስትመለስ ከሩቅ አየቻቸው። በእጇ አንዲት ትንሽ ፌስታል ብቻ የያዘች፣ ከንፈሯ የደረቀ ልጅ ከሚኒባስ ወረደች። ሸኹ ፊቷን አዩ፤ ባሲማ አይደለችም። ኩባያውን ሞልተው ሰጧት። ልጅቷ ጠጥታ ስትጨርስ ኩባያውን እንደገና ዘረጋችላቸው።

«እንዴት ይጣፍጣል አባባ። የየት ውሃ ነው?»

«የልጄ ነው» አሉ ሸኹ፣ ደግመው እየሞሉላት።