ጋሼ ፋኑኤል ባዶ ሻይ የጠጡበት ዓመት

እንደምን ዋላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ሆዳን እባላለሁ፤ ከጋሼ ፋኑኤል ጋር በመዝገብ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን የጡረታ መሸኛ ንግግር እንዳደርግ የተመረጥኩት አንደበቴ ስለሚጣፍጥ አይደለም። ሌሎቹ ሁሉ ጋሼ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙናል ብለው ፈርተው ነው።

ጋሼ ጅግጅጋ የገቡ ጊዜ እኔ ገና አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ ታሪኩን የነገረን ሽማግሌው ጥበቃችን ነው፤ በሶማሊኛ ዐዎ፣ አያታችን፣ የምንለው። ከደብረ ብርሃን ተመድበው መጥተው፣ በራችን ላይ የምደባ ደብዳቤያቸውን ሲያወጡ ነፋሳችን ነጠቃቸው። ሮጠው ሲደርሱ ፍየል እያኘከችው አገኟት። ደብዳቤው ተርፏል፣ የተበላው ማኅተሙ ብቻ ነው። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ግድ የለም፣ ገብተህ ሥራ ጀምር ቢሏቸው ጋሼ እምቢ አሉ። «ማኅተም በሌለው ደብዳቤ እኔ በሕጋዊ መንገድ ገና አልደረስኩም» ብለው፣ ምትኩ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ከዐዎ ጋር በር ላይ ተቀመጡ። በሰዓቱ ይመጣሉ፣ በሰዓቱ ይሄዳሉ። ዐዎ እንደሚለው፣ በዚህ ቢሮ አንድም ቀን ሳያረፍድ የሰነበተ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሱም ሥራ ሳይጀምሩ ነው።

ሳገባ ብርድ ልብስ ሰጡኝ። ከላዩ ሸኚ ደብዳቤ ነበረው፤ አንድ ብርድ ልብስ መላካቸውን ይገልጻል፣ ግልባጭ ለባለቤቴ። ለእሱ ደግሞ ለምን ብላቸው፣ አብሮሽ አይደል የሚለብሰው አሉኝ። ሥራ የጀመርኩ ቀንም ያስተማሩኝ አንድ ነገር ነው። «ሆዳን፣ ከዚህ ክፍል ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት አይወጣም።» ይህቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ያን ጊዜ በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ በወተት ይጠጡ ነበር። ታዲያ በ2014 አንድ ጠዋት፣ ዛሬ ከመካከላችን የተቀመጠችው ኤዶ ሂባቅ፣ አክስታችን በሉልኝ፣ ለቤቷ ይዞታ ማመልከቻ ይዛ መጣች። መፈረም ስለማትችል አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። የወጣው ሰማያዊ እድፍ ነው፤ አንድም መስመር የለውም። ጋሼ ቀለሙን አደረቅሽው ብለው እኔን ተቆጡ። ሌላ ቀለም መጣ፣ ያው ሆነ። ሦስተኛው ላይ ኤዶ ሂባቅ ቀስ ብላ፣ «ቀለሙ ደህና ነው፤ ጣቴ ነው ያለቀው» አለች።

በሐርተሼክ መንገድ ባለው የወተት ማቀነባበሪያ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በፈላ ውኃና ቆዳ በሚበላ ኮስቲክ ሶዳ ጀሪካን ስታጥብ ኖራለች፣ በባዶ እጇ። ጓንት ብትጠይቅ ጓንት ያንሸራትታል ተብላለች። ይህን ሲሰሙ ጋሼ ተነስተው ጮኹ ብላችሁ ከጠበቃችሁ፣ ጋሼን አታውቋቸውም። አሻራው አይነበብም ብለው ማመልከቻዋን መለሱባት። እሷም አመስግና ሄደች።

ከሰዓት በኋላ የክበባችን ካሳነሽ ሻያቸውን አመጣች። ወተቱ ከዚያው ማቀነባበሪያ ነበር፤ ብርጭቆውን መለሱላትና ባዶ ሻይ አምጪልኝ አሉ።

የማቀነባበሪያውን ወተት በብዛት የሚገዛው በከተማችን ኬክና እርጎ የሚሠራ ድርጅት ነው። ስሙን አልጠራም፤ አሁን የምትበሉትን ኬክ የላከልን እሱ ስለሆነ ይሉኝታ ይዞኛል። ጋሼ ሄደው ሲጠይቁ፣ እኛ የምንገዛው ወተት ነው፣ ሴቶቹ የእኛ ሠራተኞች አይደሉም ተባሉ። እሳቸውም «እኔም የምገዛው ኬክ ነበር፣ ከእንግዲህ ግን የሠራውን እጅም እጠይቃለሁ» ብለው ተመለሱ። በሳምንቱ ቢሮው በሙሉ ባዶ ሻይ ጠጪ ሆነ። ከፋይናንሱ ደረጄ በቀር ማለቴ ነው። እሱ ለመስክ ሥራ እየወጣ፣ ጢሙ ላይ የወተት አረፋ ይዞ ይመለስ ነበር።

ከዚያ ጋሼ ደብዳቤ ጻፉ። ሴቶቹ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ የዕረፍት ቀንና የጽሑፍ ውል እስኪያገኙ ከዚያ ማቀነባበሪያ ወተት እንዳይገዛ፣ ድርጅቱን ደንበኞቹ የሚጠይቁበት ነው። ግልባጭ ለዐሥራ አራት አካላት፤ ዐሥራ አራተኛው ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውት ወጡ። እኔም እንደተማርኩት አደረግኩ። ክቡን የመንግሥት ማኅተም መታሁበትና ላክሁት።

በማግሥቱ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ክራቫት አስሮ በራችን ላይ ቆመ። ጓንቱን ዛሬውኑ አስገዛለሁ ይላል። ጋሼ ዝም ቢሉ ነገሩ ያልቅ ነበር። ሁላችንም በዓይናችን ዝም በሉ አልናቸው። እሳቸው ግን ደብዳቤውን ከእጁ ተቀበሉት። «ማኅተሙ በስህተት ነው። ይህ የመንግሥት ደብዳቤ አይደለም፤ የሻይ ጠጪ ነው» አሉት። ሰውየው ክራቫቱን ፈታ አድርጎ እየሳቀ ሄደ። እኔ በዚያ ቀን ጋሼን ጠላኋቸው፣ ዛሬ ልናገረው።

አስተዳደሩ ማኅተሙን ማን መታው ብሎ ሲጠይቅ፣ ጋሼ እኔ ነኝ አሉ፤ ኋላ ለምን ብላቸው፣ ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ አሉኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው። ማስጠንቀቂያውን ራሳቸው መዝግበው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ በገዛ ማህደራቸው አስገቡት። እዚህ ያላችሁ አለቆች፣ አፋችሁ ኬክ እንደያዘ ስሙኝ፤ የመታሁት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ያንኑ ደብዳቤ ያለማኅተም ይዘው ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ዞሩ። አስተማሪው፣ ወታደሩ፣ ነጋዴው ፈረመ። የሠርግ ኬክ የሚያዙ እናቶች ጀሪካኑን ያጠበችው ማን ናት፣ እጇስ እንዴት ነው ማለት ጀመሩ። በአራተኛው ወር ድርጅቱ ለማቀነባበሪያው ጓንት ከሌለ ወተት አልገዛም አለ። ጓንቱ መጣ፣ ቦት ጫማው፣ የዕረፍት ቀኑና ውሉም መጡ። ኋላ የጨመርነው የሕመም ፈቃድ ግን «በሂደት ላይ ነው»። ጋሼ አሁን ደብዳቤ የሚጽፉበት ጊዜ ስለተረፋቸው ድርጅቱን ከወዲሁ እናጽናናለን።

ጋሼ፣ ያን ቀን እኔን ስለሸፈኑኝ አመሰግናለሁ። በማኅተም የመጣ ጓንት ማኅተሙ ሲነሳ አብሮ እንደሚነሳ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አባት ሆነውኛል።

ሁላችንም የፈረምንበት ካርድ ይኸው። እዚህ ጥግ ላይ ኤዶ ሂባቅም ጣቷን አሳርፋበታለች። መነጽርዎን ያድርጉና ይመርምሩት፤ መስመሮቹ ሁሉ ተመልሰዋል። ባለፈው ወር ማመልከቻዋን እንደገና ስታመጣ፣ እርስዎ ጡረታ ሳይወጡ የመጨረሻውን ቁጥር የሰጡት ለእሷ ወረቀት ነበር። እንግዲህ ይህም ካርድ ማኅተም አለው፤ በሕጋዊ መንገድ መሄድ ይችላሉ።

ካሳነሽ፣ ሻዩን አድዪልን። በወተት ነው ጋሼ፣ ወተቱን ያመጣችው ኤዶ ሂባቅ ናት። ብርጭቆአችንን እናንሳ፤ ለጋሼ ፋኑኤል ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ለእጆቹም ሁሉ ጤና። ካርዱን ግን በር ላይ እንዳያወጡት፤ ነፋሱም ፍየሎቹም አሁንም እዚያው ናቸው።