ሃያ ሦስት ጠርሙስ

ጠርሙስ ማለት ከመስታወት የተሠራ፣ ታቹ የተደፈነ፣ አፉ የተከፈተ፣ ያስገቡበትን ነገር እስኪፈለግ ድረስ የሚያቆይ ዕቃ ነው። በሌላው ዓለም ትርጉሙ እዚህ ላይ ያበቃል። በዩክሬኗ ልቪቭ ከተማ ግን አንድ ነገር ይጨመርበታል፦ ጠርሙስ ይመለሳል። ጎረቤት በጨው የተዘፈዘፈ ኪያር በባለ ሦስት ሊትር ጠርሙስ ከሰጠ ኪያሩ የተቀባዩ ነው፤ ጠርሙሱ የሰጪው ነው። ሲመለስም ባዶውን አይመለስም። ሁለት ፖም፣ አንድ እፍኝ ፍሬ፣ ምንም ከጠፋ ከረሜላ ጣል ይደረግበታል።

ፓኒ ዩስቲና፣ በእኛ ወይዘሮ ዩስቲና እንደማለት ነው፣ የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ይህን ትርጉም የጣሰ ሰው በዕድሜዋ ሙሉ አንድ ብቻ ገጥሟታል። ጣሺዋ ከእሷ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ቀጭን ወጣት ሠዓሊ ነበረች። በሦስት ክረምት ውስጥ ሃያ ሦስት ጠርሙስ ኪያርና ቲማቲም በደረጃው ወደ ላይ ወጥቷል። ወደ ታች የወረደ የለም።

አሁን ደግሞ ነሐሴ ነው። ወንድሟ ከገጠር ያመጣላት አርባ ኪሎ ቲማቲም ሳሎኗ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ተዘርግቶ በየሰዓቱ እየበሰለ ነው፤ ከእሑድ አያልፍም። የዛሬ ዘመን ጠርሙስ የፈላ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። የሚችለው የድሮው ወፍራም መስታወት ነው፤ እሱ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነው ያለው። ቢያንስ እሷ እንደዚያ ይመስላት ነበር።

ሐሙስ ዕለት በበሯ ሥር የሠዓሊዋ ትርኢት የጥሪ ካርድ ገባ። ደህናውን ባርኔጣዋን አድርጋ ሄደች። ትርኢቱ የድሮው የትራም ማደሪያ ውስጥ ነበር። ገብታ ስታይ ሃያ ሦስት ነጭ መቆሚያ ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጠርሙስ አለ። በገዛ እጇ የጻፈችው ወረቀት እንኳ አልተላጠም፤ «ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት» ይላል። ክዳኑ ታሽጓል፤ ውስጡ የክብሪት ቀፎ የምታክል ስፒከር ተቀምጣ ታንሾካሹካለች።

ሠዓሊዋ ጥቁር ካፖርት ለብሳ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከጀርመን፣ ከላይፕዚግ ከመጣ እንግዳ ጋር ታወራለች። ከፓኒ ዩስቲና የሚለያት ሁለት እርምጃ ብቻ ነው። ፓኒ ዩስቲና ሰላም አላለቻትም። አዳራሹን ለመጠበቅ ወንበር ላይ ወደተቀመጠችው ወደ ፓኒ ሜላኒያ ሄደች። ፓኒ ሜላኒያ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

በጉልበቷ ጀመረች። ጉልበቷ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚላት፣ ስድስት ቁጥር ትራም መንገድ እንደቀየረ፣ የፓኒ ሜላኒያ ሹራብ ቀለሙ እንዴት እንደሚያምር ነገረቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የፓኒ ዩስቲና ዝቅ ያለ ድምፅ ማደሪያው በትራም ጩኸት የተሞላ በነበረበት ዘመንም ቢሆን በተሰማ ነበር።

«ደስ አይልም፣ ፓኒ ሜላኒያ? ወጣት ሰው እንዲህ ሲሳካለት... እኔ ስለ ማንም አይደለም የማወራው። ስለ ሥነ ጥበብ ነው የማወራው።»

አንዲት ልጅ እንደምታውቅ ነገረቻት። ልጅቷ አካዳሚ ገብታ አራት ዓመት ሙሉ ሥዕል ተምራለች። በመጨረሻው ዓመት የሣለችውን አምጥታ አሳየቻት፤ ፓኒ ዩስቲናም ጨረቃዋ እንዴት ታምራለች አለቻት። ለካ ሽንኩርት ኖሯል። ልጅቷ ግን አስተዋይ ናት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሩሽ አልነካችም። ስንት ሰው ነው ያልተሰጠውን ነገር በጊዜ የሚተው?

ቀጥሎ ቪዲዮ ሆነ። የሕንፃቸውን የተበላሸ ሊፍት ስምንት ሰዓት ሙሉ ቀርጻ ኦስትሪያ፣ ግራዝ ወስዳ አሳየች፤ ሽልማትም አገኘች። ሊፍቱ እስከ ዛሬ እንደተበላሸ ነው። ፓኒ ዩስቲና በየቀኑ በነጻ ታየዋለች፤ ምን ያህል ዕድለኛ እንደሆነች ግን ግራዝ ያሉ ሰዎች እስኪነግሯት ድረስ አልገባትም ነበር። እዚህ ከተማ ሲታይ በመሃል መብራት ጠፋና ግድግዳው ጥቁር ሆነ። ሰው ሁሉ ፀጥ ብሎ ተመለከተ። «እውነቱን ልንገርዎ? ከሥራዎቿ ሁሉ እኔን የነካኝ እሱ ነው።»

ከዚያ ሽታ መጣ። እርጥብ ሱፍ በድስት ቀቅላ ሳምንት ሙሉ ደረጃውን አሸተተችው። ላይፕዚግ ላይ ሰው ያንን ለማሽተት ተሰልፏል አሉ። «እኛ ያለ ሰልፍ ነው ያሸተትነው፤ ጎረቤት መሆን ጥቅሙ ይኸው አይደል?»

ጥቁሩ ካፖርት አልዞረም። ጆሮው ግን ቀይ ሆኖ ነበር።

«ዛሬ ደግሞ ጠርሙስ...» አለች ፓኒ ዩስቲና፣ ቃሉን እንደ ሕፃን ስም እያቆላመጠች። «ክዳኑን አይተውታል? ተንሻፏል። በዚህ አዘጋግ ኪያር ቢሆን በሳምንቱ ይፈነዳ ነበር። ደግነቱ ውስጡ ምንም የለም።»

ይህን ብላ፣ ምንም አለመኖሩን ለማረጋገጥ ይመስላል፣ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

መጀመሪያ ሳል ሰማች። ሳሉ የራሷ ነበር። ቀጥሎ የራሷ ድምፅ መጣ፤ ደረጃው ላይ ሆና ባለፈው የካቲት ለፖስተኛዋ የተናገረችው። «እኔ ስለ ማንም አይደለም የማወራው፤ ግን አንዳንድ ሰው ኪያሩን ሲበላ ጠርሙሱንም አብሮ ይውጠዋል መሰለኝ...» ወደሚቀጥለው ጠርሙስ ሄደች። የፋሲካ ሰሞን ነው፤ ስለ ሱፉ ሽታ። የሚቀጥለው ስለ ሽንኩርቱ ነው። ሦስት ክረምት ሙሉ አንዲት የድምፅ መቅረጫ የደረጃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ አንድም ቃል ሳታባክን ሰብስባለች። በሃያ ሦስቱም ጠርሙስ ውስጥ ፓኒ ዩስቲና አለች፤ ማንንም አትጠራም፤ ሁሉንም ትናገራለች።

ፓኒ ዩስቲና ከጠርሙሱ ቀና አለች።

ከዚያ በእጥፍ ጉልበት ጀመረች። ልጅቷ እንዴት ጥሩ አድማጭ እንደሆነች አደነቀች፤ አድማጭ በጠፋበት ዘመን ሰው በር ላይ ጆሮ ማቆም ቀላል ነው ወይ? ሰላም ለማለት የሚያፍር ሰው ድምፅ ለመቅዳት ባለማፈሩ ምን ያህል ደስ እንደሚል ተናገረች። ባርኔጣዋ ወደ ጎን ተንሸራቷል፤ አላስተካከለችውም። እየተናገረች ሳለ ጎብኚዎቹ አንድ በአንድ ጆሯቸውን ከጠርሙሱ አነሱ። ድምፁ ከውስጥም ከውጭም አንድ ነው። ክብ ሠርተው ከበቧት። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ዝም አሰኘው። ከኪየቭ የመጣች ሴት፣ አሮጊቷ ትወናውን የምታሳየው ለመክፈቻው ብቻ ነው ወይስ በየቀኑ ብላ ጠየቀች። የላይፕዚጉ እንግዳ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። ከዚያ አጨበጨቡ።

ፓኒ ዩስቲና በዕድሜዋ ተጨብጭቦላት አያውቅም። ጉንጮቿ ቲማቲም መሰሉ። ለአንድ አፍታ እጅ ልትነሳም ዳድቷት ነበር። ጥቁሩ ካፖርት በመጨረሻ ዞሮ ሲያያት ግን ቲማቲሙ ትዝ አላት፤ አርባ ኪሎ፣ እሑድ። ዓይኗን ከፓኒ ሜላኒያ ላይ አላነሳችም። እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ማር በሚያንጠባጥብ ድምፅ መረቀች።

«እንግዲህ ፓኒ ሜላኒያ፣ አምላክ ለእኔ ረጅም ዕድሜ ይስጠኝ። ለራሴ ብዬ አይደለም... ለልጅቷ ስል ነው። ጤናውን ይስጠኝ፣ ጥርሴን ያቆይልኝ፣ ድምፄን አይዝጋብኝ። እኔ ካለፍኩ፣ የእኔ ምስኪን፣ የምታሰማው ምን ነገር ይኖራታል?»

እንደገና ተጨበጨበ። ሠዓሊዋ አላጨበጨበችም።

እሑድ ጠዋት ሃያ ሦስቱም ጠርሙሶች ታጥበው፣ ደርቀው፣ በፓኒ ዩስቲና በር ላይ በሦስት ረድፍ ተደርድረው ተገኙ። ባዶ አልነበሩም። በሃያ ሁለቱ ውስጥ ሁለት ሁለት ፖም አለ። በአንዱ ውስጥ የክብሪት ቀፎ የምታክለው ስፒከር ተቀምጣ፣ በፓኒ ዩስቲና ድምፅ አምላክ ለእኔ ረጅም ዕድሜ ይስጠኝ ትላለች፤ ትጨርስና እንደገና ትጀምራለች። የትራም ማደሪያው ትርኢት በባዶ መቆሚያዎች እስከ መስከረም መጨረሻ ቀጠለ፤ ከበፊቱ የበለጠ ተወዷል ተብሎ ተጽፏል።

ቲማቲሙ በሃያ ሁለቱ ጠርሙስ ገባ። የሃያ ሦስተኛው ባትሪ በጥቅምት አለቀ። ፓኒ ዩስቲና ቀየረችው።