የሐጂ ሙሜ ወፍጮና አንድ እፍኝ ማሽላ

ታጁዲን ቡልጋሪያ ስድስት ዓመት መካኒክነት ተምሮ አሰበ ተፈሪ ከተመለሰ ሳምንቱ ነው። የተማረው ለዚህ አገር ይጠቅም እንደሆነ እየተጠራጠረ በገበያው ሲያልፍ፣ ሐጂ ሙሜን ወፍጮ ቤታቸው ደጃፍ ላይ አገኛቸው። በእጃቸው የተቃጠለ ብሮንዚና፣ የወፍጮው ዘንግ የሚዞርበትን እጅጌ፣ ይዘዋል።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሐጂ። ምን ገጠመዎ?»

«ወዓለይኩም ሰላም፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። በአንድ ወር ሦስተኛው ነው! የቀረኝ አንድ ብቻ። እሱም ከተቃጠለ ይህ ሁሉ ሰው ማሽላውን ተሸክሞ እስከ ሂርና ከተማ ሊሄድ ነው።»

«ዘይት አያጠጡትም?»

«ከእኔ የተሻለ ይጠጣል!»

የመጨረሻው ብሮንዚና ተገጠመ። ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው አንድ ጆንያ ማሽላ ወፍጮው አፍ ውስጥ ገለበጡና ሞተሩን ሊያስነሱ እጃቸውን ሲዘረጉ ታጁዲን ያዛቸው።

«ሳይነሳ ይጭኑታል?»

«ባዶ ወፍጮ ማዞር በረካ ያጠፋል። አባቴም ባዶውን አዙሮ አያውቅም።»

«የአባትዎን ወፍጮ የሚያዞሩት እናትዎ ነበሩ» አለች ባለቤታቸው ኩብራ ከወንፊቷ ቀና ሳትል።

ታጁዲን ሳቁን ዋጠ። «ሐጂ፣ ዘንጉ ቆሞ ሳለ ብረት በብረት ላይ ተኝቷል። ሲዞር ዘይቱን ወደ ሥሩ ይስባል፤ ሲፈጥን ዘይቱ አንስቶ ይሸከመዋል። ያኔ ብረት ብረትን አይነካም። ሳይፈጥን ከጫኑበት ግን ብረቱ ተፋጭቶ ይቃጠላል።»

«ዘይት ብረት ሊሸከም! አገር አቋርጠህ የተማርከው ይህን ነው?»

ታጁዲን ለአፍታ ራሱን ተጠራጠረ። መጽሐፉ ውስጥ ሥዕልና ስሌት እንጂ ሐጂ ሙሜ አልነበሩም። ወዲያው ዓይኑ ሽርጣቸው ላይ በደረቀው ጭቃ ላይ አረፈ።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«ትናንት ለመግሪብ ሶላት ስሮጥ ጭቃው አንሸራትቶኝ ነው።»

«ቀስ ብለው ሲሄዱስ?»

«እግሬ መሬቱን ይቆነጥጣል።»

«አዩ፣ ሲሮጡ ጭቃው ከእግርዎ ሥር የሚሸሽበት ጊዜ አጣ። መሬት ሳያስነካ ተሸከመዎ።»

«እውነት ነው» አለች ኩብራ፤ «እስከ ቦርደዴ ከተማ ሊያደርሳቸው ነበር!»

ሐጂ ጢማቸውን አሹ። «በረካውስ?»

«ለበረካው አንድ እፍኝ ይጣሉለት፤ ጆንያውን ሲፈጥን ያፍሱ። ደግሞ የአንዱ ሰው እህል ባለቀ ቁጥር ሞተሩን አያጥፉት፤ አከታትለው ይፍጩ። ብሮንዚናውን የሚበላው መነሣትና መቆሙ ነው።»

እንደተባለው ሆነ። ከቀትር በኋላ ሐጂ እየፈሩ መዳፋቸውን ብሮንዚናው ላይ አሳረፉ። አልተቃጠሉም። «ሱብሃነላህ! ለብ ብሏል እንጂ!»

የአባትን ልማድ ማክበር ደግ ነው፤ አባት ያላየውን ሞተር ግን በአባት ልማድ ማስነሣት ብረት ማባከን ነው። ያ ብሮንዚና ረመዳንን አልፎ ለአረፋም ደረሰ፤ ሂርና የሄደ ማሽላም የለም።

ችግሩ ሐጂ ትምህርቱን ማብዛታቸው ነው። አንድ ጠዋት ኩብራ ጆንያ አንሱልኝ ብትላቸው ጋደም እንዳሉ «ቆይ፣ ዘይቴ ገና ሥሬ አልገባም» አሏት።

አንድ እፍኝ ቆሎ አምጥታ መዳፋቸው ላይ አደረገች። «ይኸው ለበረካው። አሁን ይነሡ!»