ስድስት ሰው በአንድ ስም

ሽማግሌው መዝጋቢ ከአለቃቸው ቢሮ ወጥተው ደረጃው ላይ አረፍ እንዳሉ፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋ የሽቦ ጥቅል ይዛ ስትወጣ ድንገት ተገናኙ። እኚህ ሰው ልደትና ሞት ሲመዘግቡ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረዋል። ጡረታ ሊወጡ አርባ ቀን ሲቀራቸው፣ ደህና በሕይወት ያሉ አንዲት ባልቴት «ሞተዋል» ተብለው በመዝጋቢው ስም በተከፈተ ኮምፒውተር ተመዝግበው ተገኙ። ባልቴቷ ለዓይን ሕክምና የሚሆን መታወቂያ ሊያሳድሱ ቢመጡ ኮምፒውተሩ የሉም አለ፤ የሕክምና ቀጠሯቸውም አለፈ። አለቃው መዝጋቢውን «እኔ አይደለሁም ብለው ፈርመው ያምጡ፤ አለዚያ ጥፋቱ ማኅደርዎ ውስጥ ይገባል» ብሏቸዋል። ወረቀቱ እጃቸው ላይ ነው።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ደከመኝ ልጄ። በስተርጅና ስሜ ጠፋ።»

ባለሙያዋ ጥቅሉን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ሰምቻለሁ። ኮምፒውተሩን እነማን ይጠቀሙበታል?»

«ስድስታችንም። ጠዋት እኔ በስሜ ከፍቼ እገባለሁ፤ ከዚያ ያሻው ይሠራበታል። እስከ ማታ አይዘጋም።»

«ለሁሉም የየራሱ የይለፍ ቃል ተሰጥቶት የለም እንዴ?»

«ተሰጥቷል። ሰው በር ላይ ተሰልፎ ውጣ ግባ ሲባል ጊዜው ያልቃል። ደግሞስ አብሮኝ የሚውል ሰው እያየኝ ዘግቼ ልነሳ? አላምንህም ማለት አይደለም ወይ? እኔ እንዲህ ያለ ነውር አልለመድኩም።»

እንዲህ ያለው ደግነት በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል። የሚያሳዝነው ደግነት መሆኑ ነው፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ አንዱ በተቆጣ ነበር።

«አይቆጡኝና ጋሼ፣ ከስድስቱ ማንን ጠረጠሩ?»

ሽማግሌው ወረቀቱን አጣጠፉ። ከትናንት ጀምሮ ያላሰቡት ሰው የለም። እንደ ልጃቸው የሚያይዋትን ጸሐፊ እንኳ አልማሯትም፤ ዛሬ ጠዋት ሰላም ስትላቸው ዓይኗን ማየት አፍረዋል።

«ሁሉንም» አሉ በመጨረሻ።

«አዩ፤ ላለመጠራጠር ብለው ክፍት የተዉት ኮምፒውተር ሁሉንም አስጠረጠረዎት። ሁሉም በየስሙ ቢገባ የተሳሳተው ይታወቃል፣ ስሕተቱ በጊዜ ይታረማል፣ አምስቱ ንጹሕ ሆነው ቤታቸው ይገባሉ። ሲነሱ ዘግተው መውጣት ለባልደረባ ማሰብ ነው እንጂ ስድብ አይደለም።»

«ጊዜውስ?»

«አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ባልቴቷ ስንት ቀን ተመላለሱ?»

«ዘጠኝ ቀን» አሉና ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ።

«እንግዲያው ይፈርሙና ይገላገሉ።»

«እሱ ነው የከበደኝ። እኔ ራሴ ብሆንስ? ያን ቀን ስንቱን ሰው አስተናገድኩ፤ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። እኔ አይደለሁም ብዬ በምን አፌ እምላለሁ?»

ሽማግሌው ጉልበታቸው ላይ ወረቀቱን ዘርግተው «ማን እንደመዘገባቸው አላውቅም። የማላውቀውም ኮምፒውተሩን ክፍት እየተውኩ ስለምነሳ ነው» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ለአለቃቸው ሰጥተው ወደ ክፍላቸው ወረዱ።

ጸሐፊዋ በእሳቸው ስም ገብታ ትሠራ ነበር። የያዘችውን እስክትጨርስ ጠብቀው፣ በላይዋ ጎንበስ ብለው ዘጉት።

«በይ፣ አሁን በራስሽ ስም ግቢ።»

ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ። «ምን አጠፋሁ ጋሼ? አላመኑኝም ማለት ነው?»

«ትናንት ስጠረጥርሽ አደርኩ፣ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ደክሟል። «ሁለተኛ እንዳልጠረጥርሽ ብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ስድስቱም በየስማቸው እየገቡ፣ ሲነሱ እየዘጉ ይሠራሉ። ስሕተት ሲገኝ ባለቤቱ ይጠራል፣ ያርማል፣ ሌላውም ሥራውን ይቀጥላል። ባልቴቷም በሕይወት መኖራቸው ተጽፎላቸው አዲስ ቀጠሮ አገኙ። ሽማግሌው ግን ጥፋቱ ከማኅደራቸው ሳይፋቅ ጡረታ ወጡ፤ ማን እንደሠራው የሚያሳይ ነገር የለማ።